ስድስተኛው ስም

ሮም፣ ከወንዙ ማዶ
ንጉሥ ማርቆስ በነገሠ በ፲፩ኛው ዓመት፣ መስከረም ፳፩

ለባሌ ለታሎስ የአክስት ልጅ፣ በሰርዲኒያ ደሴት በእርሳስ ማዕድን ጉድጓድ ለሚደክመው ለአውክቶስ።

የሰማይና የምድር ጌታ ሰላሙን ያብዛልህ፤ በጨለማ ለምትውለው ላንተ እሱ ብርሃን ይሁንህ። እኔ ጉልበቴ ደረጃውን ከመጥላቱ በቀር ደኅና ነኝ። አምስተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው ውኃ ሲያልቅበት ነው ዕድሜው የሚታወቀው። ይህን የምትጽፍልኝ ከታች ያለችው የልብስ አጣቢው ሚስት ናት፤ እየሳቀች ስለምትጽፍ ሳቋም ገብቶበት ይሆናል።

ደብዳቤህ ደርሶናል። «ደርሶኛል» ያላልኩት ወድጄ አይደለም። ከማዕድን ጉድጓድ የሚመጣ ደብዳቤ እዚህ የአንድ ሰው አይደለም። እሑድ ማኅበሩ ሲሰበሰብ አንባቢው ቆሞ ለሁሉም ያነበዋል፤ ከዚያ በኋላ ነው ለባለቤቱ የሚሰጠው። ስለ እግርህ የጻፍከው ላይ ሲደርስ ሴቶቹ ሁሉ ከንፈራቸውን መጠጡ። ስለዚህ ማኅበሩ በሚልክላችሁ በዚህ ጭነት ውስጥ ሁለት ጥንድ የሱፍ ካልሲ አለ። ሱፉን የፈተልኩት ራሴ ነኝ፤ ለሌላ ሰው ብትሰጥ አልወድም።

ስምህ በየሳምንቱ ይጠራል። ስለ ክርስቶስ ስም ወደ ደሴቲቱ የተወሰዱት ስድስቱ ወንድሞች ተብሎ፣ አንተ ስድስተኛው ሆነህ። ጳጳሳችን ሶቴር የእናንተን ነገር ለማንም አይተዉትም፤ ጭነቱ ሲዘጋጅ ዲያቆን ሩስቲኮስን እየጠሩ «ብርድ ልብሱ ገባ ወይ? ዘይቱስ?» እያሉ መድረሻ ያሳጡታል። ከሩቅ የመጣ እንግዳ ሲያገኙ ደግሞ አባት ከመንገድ የመጣ ልጁን እንደሚቀበል ነው። ያለው ለጭነቱ ከሳጥኑ ይሰጣል፤ የሌለን ደግሞ እሮብና ዓርብ ሳንበላ እንውልና የዕለት ምግባችንን ለዲያቆኑ እንሰጣለን። የእኔ የሁለቱ ቀን ዳቦ ያንተ ነው። እወቀው እንጂ አታመስግነኝ።

ባንተ ምክንያት ከፊት አግዳሚ ላይ ነው የምቀመጠው። ሴኩንዳ የምትባል ባልቴት ሃያ ዓመት የተቀመጠችበትን ቦታ ለቃልኝ ከኋላዬ ሆና ትስላለች። ጉንፋን እንደሌለባት ሁላችንም እናውቃለን።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። በፑቴኦሊ ወደብ ለሩስቲኮስ ታሎስ በትኩሳት መሞቱን፣ አንተም እንደ ቀበርከው ነግረኸው ነበር። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ግን በየትኛው መንገድ ዳር ነው? ድንጋይ አለው? ሠላሳ ዓመት አብሬው የኖርኩትን ሰው የት እንዳለ ሳላውቅ መተኛት አቅቶኛል።

ባሕሩ በማዕበል ለመርከብ ሊዘጋ ነው፤ መልስህን ከክረምቱ ወዲያ እጠብቃለሁ።

የታሎስ ሚስት ሜሊቲና


ሰርዲኒያ፣ ከጉድጓዱ
በ፲፪ኛው ዓመት፣ ሚያዝያ ፱

ለተከበሩ እትዬ ሜሊቲና። እግዚአብሔር ጉልበትዎን ያበርታልኝ፤ ደረጃውንም ያሳጥርልዎ። እኔ በሕይወት አለሁ። ይህን የሚጽፍልኝ ከእኛ ጋር የታሰረው ሽማግሌው ኒካንድሮስ ነው፤ አስተማሪ ነበርና ፊደሉ የሚያምረው ለዚህ ነው።

ካልሲው ደርሶኛል። እዚህ ውኃው ከድንጋዩ ሥር ስለሚወጣ እግር ደርቆ አያውቅም። አንዱን ጥንድ ለኒካንድሮስ ሰጠሁት፤ አይቆጡ። ዳቦውም ዘይቱም ደርሷል። የራሳችንን ግማሽ ላጭተውናል፤ ብናመልጥ እንድንታወቅ ነው አሉ። በግማሽ ራስ ወዴት እንደምናመልጥ የጠየቀ የለም።

እትዬ፣ ባይከፋዎት ሴኩንዳን ቦታዋ ላይ ይመልሷት። በእኔ ምክንያት ከፊት መቀመጥዎ ደስ አላለኝም። የእሮብና የዓርብ ዳቦዎንም ይብሉ። ለእኔ የሚላከው ለኒካንድሮስና ለሌሎቹ ቢሆን ይሻላል፤ እነሱ የሚገባቸው ሰዎች ናቸው።

ጋሼ ታሎስ በጥሩ ስፍራ ነው ያሉት። ከባሕሩ አጠገብ ነው። ነፋስ አለው።

ሌላ የምጽፈው የለኝም። ከተማው ውስጥ ምን እንደሚሸጥ፣ ዝናብ እንዴት እንደሆነ ቢጽፉልኝ ደስ ይለኛል። እዚህ የምንሰማው መዶሻ ብቻ ነው።

አውክቶስ


ሮም
በ፲፪ኛው ዓመት፣ ሰኔ ፪

ለአውክቶስ። ያ ሁሉን የሚያየው ጌታ ዓይኑን ካንተ ላይ አያንሳ።

ዝናብ ጥሩ ነበር። ሽምብራ ረክሷል፤ አሣ ግን አይቀመስም። ከእኛ በላይ ያለው ተከራይ አህያ ሊያስገባ ሲሞክር ደረጃው ላይ ተይዞ ሰፈሩ ሲስቅ ሰነበተ። ይኸው፣ የከተማ ወሬ አልከኝ ሰጠሁህ። እኔ የጠየቅኩህን ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አልከኝ።

«ከባሕሩ አጠገብ፣ ነፋስ አለው» ብሎ መልስ ምን ማለት ነው? ፑቴኦሊ ሙሉው ከባሕሩ አጠገብ ነው። የቀበርከው አንተ አይደለህም ወይ? ዛፍ የለም? ግንብ የለም? ሰው አንድ ነገር ያስታውሳል እኮ።

አሁን ደግሞ ነገሩ ቁርጥ ሆኗል። ሙት ዓመቱ በየካቲት ነውና እዚያ ሄጄ በመቃብሩ ላይ ጸሎት ላስደርግ ተነሥቻለሁ። በእግሬ ነው የምሄደው፤ ስምንት ቀን ይወስዳል ይላሉ፣ ለእኔ አሥራ ሁለት። ጳጳሱ ለፑቴኦሊ ወንድሞች ማደሪያ እንዲሰጡኝ ደብዳቤ አጽፈውልኛል። ቦታውን እስክትነግረኝ ብቻ ነው የምጠብቀው። የመጨረሻው መርከብ ሳያልፍ ጻፍልኝ። ልመናም ትእዛዝም ነው።

አታመስግነኝ ስልህ ዳቦውን አልፈልግም አልክ። ይህ ትሕትና ይሁን ኩራት አልገባኝም። ዝም ብለህ ብላ።

ሜሊቲና


ሰርዲኒያ
በ፲፪ኛው ዓመት፣ ነሐሴ ፲፬

ለእትዬ ሜሊቲና። ይህን ስጽፍ ሰላምታ የማቀርብበት አፍ የለኝም። ሆኖም እግዚአብሔር ያጽናዎት። ይህ ደብዳቤ በቤትዎ ለእርስዎ ብቻ እንዲነበብ፣ በማኅበሩ ፊት እንዳይወጣ፣ ለሚያመጣው ሰው በቃል አደራ ብዬዋለሁ።

ፑቴኦሊ አይሂዱ። መቃብር የለም።

ጋሼ ታሎስ በትኩሳት አልሞቱም። እኔ የገመድና የቅጥራን መጋዘን ጠባቂ ነበርኩ። ዘመድ የለውም ብለው ሊጠይቁኝ ከሮም በእግራቸው መጡ፤ እርስዎ የጋገሩትን ዳቦና አይብ ይዘውልኝ። ቀኑ ብርድ ነበር። ከምሳ በኋላ ሰገነቱ ላይ ገመዱ መካከል ጋደም አሉ። እግራቸው በርዷቸው ነበር። መጋዘን ውስጥ እሳት ማንደድ ክልክል እንደሆነ እያወቅኩ ከሰል አቀጣጠልኩ። ለእሳቸው ብዬ ነው እንዳልል እኔም በርዶኛል። ከዚያ ትኩስ ሽምብራ ልገዛ ከመንገዱ ማዶ ወዳለው መጠጥ ቤት ተሻገርኩ። አንድ መርከበኛ ስለ አህያና ስለ ቀራጭ ቀልድ ጀምሮ ነበር። መጨረሻውን ሳልሰማ አልሄድም ብዬ ቆምኩ። ሰው ሁሉ ወደ ውጭ ሲሮጥ ሽምብራው በእጄ ነበር። ቀልዱ እንዴት እንዳለቀ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ቅጥራን እንዴት እንደሚነድ አልነግርዎትም። የሚቀበር ነገር አላገኘንም።

በመጋዘኑ ቃጠሎ ተከስሼ ዳኛ ፊት ቀረብኩ። ዳኛው በዚያው ቀን አምስት ክርስቲያኖችን ሲመረምር ግማሽ ቀን ፈጀ። ለእኔ ከአንድ ቃል በላይ አላስፈለገውም። በአንድ ሰንሰለት አሰሩን። ወደቡ ላይ ዲያቆን ሩስቲኮስ ዳቦ ይዞ መጣና «ከእኛ ወገን ናችሁ?» አለ። አምስቱ አዎን አሉ። እኔ ከሁለት ቀን በላይ አልበላሁም ነበር፤ ዳቦውን እያየሁ አንገቴን ደፋሁ። አንገት መድፋቴን ትሕትና መሰለው። ስድስት ስም ጻፈ። ዘመድ አለህ ወይ ሲለኝ የእርስዎን ስም ነገርኩት፤ ጋሼ ታሎስስ ሲለኝ ትኩሳት አልኩ። ጥምቀት እንኳ አልነበረኝም፣ እትዬ። እርስዎ የተራቡበትን ዳቦ የበላሁት በዚህ ነው።

ስሜን ያስፍቁት። ሌላ ምንም አልለምንም።

አውክቶስ


ሰርዲኒያ
በ፲፬ኛው ዓመት፣ ሚያዝያ ፳

ለእትዬ ሜሊቲና። ጤና ይስጥልኝ። በሕይወት ካሉ እግዚአብሔር ይመስገን።

ከጻፍኩ ሁለተኛው ክረምት አለፈ፤ መልስ እንደማይኖር አውቃለሁ። የምጽፈው አንድ ነገር ስላልገባኝ ነው። ጭነቱ ሦስት ጊዜ መጥቷል፤ ሦስቱንም ጊዜ ዳቦው የስድስት ሰው ነው። ብርድ ልብስም ስድስት። ዲያቆኑ ሳይነገረው ቀርቶ እንደሆነ ይንገሩልኝ። ካልሲ የለበትም፤ ስለዚህ እርስዎ እንዳወቁ አውቄያለሁ።

ለአምስቱ ወንድሞች ያኔውኑ እውነቱን ነግሬያለሁ። ኒካንድሮስ «ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እናውቃለን፤ መዝሙር ስንዘምር አፍህ ብቻ ነበር የሚንቀሳቀሰው» አለኝ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ ከመጣሁ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። ከዚያ በኋላ ግን እንደ ልቤ ተጫውቼ አላውቅም። እነሱ የሚሠቃዩበት ምክንያት አላቸው። ሲዘምሩ ራቅ ብዬ እቀመጣለሁ።

ፊደል እየተማርኩ ነው።

አውክቶስ


ሮም
በ፲፬ኛው ዓመት፣ መስከረም ፲፩

ለአውክቶስ። እግዚአብሔር ይመስገን፤ ሁለታችንንም እስከዛሬ አኑሮናል። ለምን እንደሆነ እሱ ያውቃል።

ልነግርህ የሚገባኝን ሁሉ በአንዴ ልንገርህ። አደራ ያልከው መልእክተኛ ባሕር ላይ ታሞ ወደቡ ላይ ቀረ። ደብዳቤውን ያመጣው ሌላ ሰው ነው፤ አደራህን አልሰማም። እኔ ማንበብ አልችል። የመቃብሩን ቦታ የላክልኝ መስሎኝ እየተጣደፍኩ እሑድ ጠዋት ይዤው ሄድኩ። ለአንባቢው በገዛ እጄ ሰጠሁት። ሁሉም እንዲሰማልኝ ፈልጌ ነበር፣ ከፊት አግዳሚ ላይ ቀጥ ብዬ ተቀምጬ።

አንባቢው አደራህ ላይ ሲደርስ ሊያቆም ነበር። ቀና ብሎ አየኝ። እኔ አልገባኝም፤ ቀጥል አልኩት። «መቃብር የለም» ሲል ድምፁ ወረደ። ከኋላ ያሉት «አልሰማንም፣ ጮክ በል» አሉት። ምስኪን፣ ጮክ አለ። ታሎስ እንዴት እንደ ሞተ አራት መቶ ሰው ከእኔ ጋር እኩል ሰማ።

ያን ቀን እንዴት ቤቴ እንደ ደረስኩ አላውቅም። ሴኩንዳ ናት አሉ የደገፈችኝ። አሁን ቦታዋን አግኝታለች፤ ሳሉም ለቋታል። እኔ በሩ አጠገብ ነኝ።

አትሂጂ ብትለኝም ፑቴኦሊ ሄጃለሁ። አዲስ መጋዘን ሠርተውበታል፤ የዘይት ማሰሮ ሞልቶታል። ጠባቂው ዘይት ልገዛ የመጣሁ መስሎት ዋጋ ነገረኝ። የሚቀመጥበት ድንጋይ ላይ ትንሽ ተቀመጥኩ፣ ተነሣሁ፣ ተመለስኩ። አሥራ ሁለት ቀን ሄጄ አሥራ ሁለት ቀን ስመለስ ያደረግኩት ይኸው ነው። ስትሞት ታሎስን ስታገኘው መሄዴን ንገረው። ወይም እኔ እቀድምህ ይሆናል።

ስለ ስምህ። ሩስቲኮስ ጥፋቱ የራሱ በመሆኑ አፍሮ፣ መዝገቡን ይዞ ጳጳሱ ዘንድ ሄደና ስድስተኛውን ልፋቀው ወይ ብሎ ጠየቀ። ኋላ እሱው ነው የነገረኝ። ጳጳሱ መዝገቡን ተቀብለው ሲያዩት ቆዩና «ዳቦው ይሂድ፤ የራበው ሰው ነው። ስሙ ግን የእኔም ያንተም አይደለም፤ የባልቴቲቱ ነው። እስክትናገር ጠብቁ» አሉ። ብዙ ብትቆይስ ቢላቸው «እንጠብቃታለን» አሉት። እኔንም አንድ ቀን ጠርተው ማሪው ወይም አትማሪው አላሉኝም። ደጃፋቸው ላይ ስንገናኝ ስለ ጉልበቴ ይጠይቁኛል፣ እሱን ብቻ።

ስለዚህ በየእሑዱ አንባቢው አምስቱን ስም ይጠራና ይቆማል። አንድ ትንፋሽ ያህል። ወደ በሩ ያያል፤ እኔ ወለሉን አያለሁ፤ ያልፋል። ከሰማንያ እሑድ በላይ እንዲህ ሆነ። ያቺን ዝምታ ጠላኋት። ዳቦዬን የእሮብና የዓርቡን ወስጄ ለወላጅ አልባዎቹ ይሁን አልኩ። ካልሲ መሥራትም ተውኩ። ልቤ ደርቆ ነበር፣ አልዋሽህም፤ ስምህን ሳስብ ቅጥራን ይሸተኝ ነበር።

በፋሲካ ሰሞን አባታችን ሶቴር አረፉ። ቀብራቸው ላይ ከእኛ ወገን ያልሆነ ሰው ይበዛ ነበር፤ ቆዳ ፋቂው፣ አሣ አጥማጁ፣ በእርሳቸው ዳቦ ክረምት ያለፈለት ሁሉ። ያን ጊዜም አላለቀስኩም። ኋላ አንባቢው ተቀየረ። አዲሱ ወጣት ነው፣ ነገሩን አያውቅ። አምስቱን ስም አነበበ፤ ሳይቆም ወደ ሙታን ስም አለፈ።

አውክቶስ፣ ያቺ ዝምታ ስትቀር ደነገጥኩ። የምቀመጥበት ተነሥቶ እንደሄደ ሆነብኝ። አባታችን እኔን ሲጠብቁ መሞታቸው ያን ጊዜ ገባኝ። ተነሣሁና «ስድስተኛ አለ» አልኩ። ከፊት «አልሰማንም» አሉኝ። ጮክ ብዬ «አውክቶስ» አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ይጠራል።

አልማርኩህም። በደብዳቤ ላይ ሐሰት አልጽፍም። ያ ቀልድ እስከዛሬ ከልቤ አልወጣም። ግን እሮብና ዓርብ ስለ አንተ ተርቤ መዋል እንደገና ጀምሬያለሁ። መጾሙን ላድርግ፤ ይቅር ማለቱን እንጃ። ካልሲ አንድ እግር ሠርቻለሁ፤ ሁለተኛው ላይ እጄ እምቢ ብሎኛል። ሲያልቅ ይመጣል።

ሜሊቲና


ሰርዲኒያ
በ፲፭ኛው ዓመት፣ ግንቦት ፭

ለእትዬ ሜሊቲና። ጌታ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፤ የአባታችንንም ነፍስ ከቅዱሳን ጋር ያኑር። ይህን የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው፤ ፊደሉ ለተጣመመው ይቅርታ።

ይህ ደብዳቤ እሑድ በማኅበሩ ፊት ይነበብ፤ የሁሉም ነገር አለበትና። በክረምቱ የላይኛው ዋሻ ተደርምሶ አራቱ ወንድሞች ሞቱ። ኒካንድሮስ ከሁለት ሳምንት በኋላ በሳንባው ሞተ። ራሱን ይዤው ነበር። ስለዚህ አንባቢው አምስቱን ስም ከዚህ በኋላ ከሙታን ጋር ይጥራቸው። ስማቸውን በእጄ ልጽፍ የሚገባኝ ሰው እንዳልሆንኩ አውቃለሁ፤ ግን ሌላ የሚጽፍ የለም። ከስድስቱ የቀረሁት ስድስተኛው ነኝ።

ኒካንድሮስ ሳይሞት በዋሻው ውኃ አጠመቀኝ። ውኃው እንደምታውቁት ከድንጋዩ ሥር ነው የሚወጣው።

የመጨረሻው ጭነት የስድስት ሰው ዳቦ ነበር። ለብቻዬ ሆነ። ከእኛ ላልሆኑት እስረኞች አካፈልኩት፤ በምን ታሰርክ ብዬ ማንንም አልጠየቅኩም። ዲያቆኑ ካልከበደው አያሳንሰው።

ከዚህ በታች ያለው ለእትዬ ነው። ቢሰማም ግድ የለኝም።

ደብዳቤዎ የደረሰው ኒካንድሮስ በሕይወት ሳለ ነው። እንደ እናንተ ጮክ ብሎ አነበበልን። «አልማርኩህም» የሚለውንም ሁሉም ሰሙ። እኔ ደጋግመህ አንብብልኝ ያልኩት ግን እሮብና ዓርብ የሚለውን ነው። አይማሩኝ፣ እትዬ። ካልሲውንም አንድ እግር ላይ ይተዉት፤ ደስ ካላለዎት አይጨርሱት።

ከዚያ ወዲህ እሮብና ዓርብ እኔም አልበላም። የእርስዎን ለማካካስ አይደለም፤ አይካካስም። አብሬዎት ለመዋል ነው። ከሰው ጋር አብሬ የማደርገው ሌላ ነገር አልቀረኝም። ኒካንድሮስ ቀኑን ይቆጥርልን ነበር፤ አሁን ግድግዳው ላይ እየጫርኩ ብቻዬን እቆጥራለሁ። ታምሜ የተኛሁባቸው ቀናት ስንት እንደሆኑ ግን አላውቅም። ቀኑ ተሳስቶብኝ ብቻዬን ስራብ ብውል የሚነግረኝ የለም።

አውክቶስ